ሐሙስ ዕለት ብደውልልህ ኖሮ

የሚልኬሳ ደብዳቤ ሰበታ የደረሰው በመስከረም አጋማሽ፣ እሮብ ረፋድ ላይ ነው። ያመጣችው ታናሽ እህቱ ሄመን ነበረች። ሄመን ቡራዩ የምታስተምር ስትሆን ትምህርት ቤት ገና ስላልተከፈተ ሥራ ፈትታ ነበር።

የወይንሐረግ በምትሠራበት መድኃኒት ቤት በር ላይ ከመጋቢት ጀምሮ የታሰረው ገመድ እስካሁን አልተፈታም። ደንበኛ ከገመዱ ወዲያ ቆሞ ማዘዣውን ያሳያል፣ የወይንሐረግ መድኃኒቱን በትሪ ታቀብላለች። ከአዲሱ ዓመት ወዲህ ግን ገመዱን ከፍ አድርገው ሥሩ የሚገቡ በዝተዋል። «አዋጁ ተነሥቷል እኮ» ይሏታል፣ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው። እሷ ክርክር ትታለች። ገመዱን ግን አልፈታችም።

ሄመን ገመዱን አላለፈችም። ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ከውጭ ቆማ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«አከም ጅርታ፣ የወይን?»

«ደህና ነኝ። እናንተስ?»

«አለን።» ሄመን ፖስታውን ትሪው ላይ አስቀመጠችው። «እሱ ነው የላከው። በስልክ መናገር አልቻልኩም ብሎኛል። አንቺም አታነሺለትም አሉ።»

በነገሩ ውስጥ ወቀሳ አልነበረበትም፤ ሄመን እንዲያውም ፈገግ ለማለት ሞክራለች። የወይንሐረግ ግን ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም። ከሄደች በኋላ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ፖስታው ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከበዳት። ምሳ ሰዓት ላይ የዕቃ ክፍሉ ውስጥ ገብታ፣ የግሉኮስ ካርቶን ላይ ተቀምጣ ከፈተችው።

«ሐረጌ፣

ደብዳቤ ጽፌልሽ አላውቅም። ካበላሸሁት ይቅር በይኝ። አልፎ አልፎ ስልክ ስታነሺልኝ ድምፅሽ ይጠፋል፤ ያንቺ ድምፅ ሲጠፋ እኔም የምለው ይጠፋኛል።

መጀመሪያ ላመስግንሽ። እኔ ሰንዳፋ ከብት ስከትብ ሰንብቼ ሀርሜ የአስም ፓፏ ሲያልቅባት፣ በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሃል ከሰበታ ሱሉልታ ድረስ ይዘሽላት ሄድሽ። ሐሙስ ማታ ስገባ ደህና ዋልክ እንኳ ሳትለኝ የነገረችኝ ያንን ነው። ልጅ ማለት እሷ ናት፣ አንተ የት ነበርክ ብላ ሳቀችብኝ። እስክታርፍ ድረስ ስምሽ ከአፏ አልተለየም።

ለቀብሯ ስላልመጣሽ አልተቀየምኩሽም። ሰው ብዙ ይላል። እኔ ግን አባትሽ እንደከለከሉሽ ገብቶኛል፤ ልክም ናቸው። እኛ የወለደችን ልጆቿ እንኳ ከሩቅ ቆመን ነው ያስቀበርናት። ነጭ ፕላስቲክ የለበሱ ሰዎች አወረዷት። ሄመን ወደፊት ልትራመድ ስትል ሽማግሌው ኦቦ ዱቤ ነጠላዋን ይዘው መለሷት።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ሀርሜን የገደልኳት እኔ ነኝ። ካረፈች በኋላ ሲመረምሩን እኔም ላይ ተገኘብኝ። ትኩሳት አልነበረኝም፤ ሳልም አልነበረኝም። ሰንዳፋ ከስንቱ ጋር ስውል፣ ከስንቱ ቤት ስበላ ከርሜ ሐሙስ ማታ ገባሁና ጉንጯን ሳምኳት። ከአንድ ትሪ በላን። ቅዳሜ ጠዋት ሳል ጀመራት። አምስት ወር ሙሉ ከግቢ ሳላስወጣ የጠበቅኳትን እናቴን በአንድ ምሽት ገደልኳት። ይህን አውቀሽ የምታገቢኝ ከሆነ አግቢኝ። ካልሆነም ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእኔ ስሚው።

ሀርሜ በመጨረሻ ሽማግሌው እንዳይቀር ብላኛለች። ስለዚህ አርባዋ ከወጣ በኋላ ባለው እሁድ ኦቦ ዱቤና ሁለት ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ሦስቱም ከስልሳ ዓመት በላይ ስለሆኑ ለሦስት ሰው ብቻ አንድ ሙሉ ሚኒባስ አነጋግሬያለሁ፤ መስኮት ከፍተው ተራርቀው ይቀመጣሉ። ቤት አይገቡም፤ ግቢያችሁ ውስጥ ወንበር ይውጣላቸው። መጨባበጥ የለም ብላቸው ኦቦ ዱቤ ‹ታዲያ ልጅ የምንለምነው በክርናችን ነው?› አሉኝ። ከሠርጋችን በኋላ መንገዱ ሁሉ ሲከፈት ወንጪ እወስድሻለሁ። ውሃውን በጀልባ እንሻገራለን፤ ዋና እንደማትችዪ አውቃለሁ፣ እይዝሻለሁ።

አርብ ከሰዓት ቡራዩ፣ ገፈርሳ ውሃው ዳር እጠብቅሻለሁ።

ሚልኬሳ»

የወይንሐረግ ደብዳቤውን አጥፋ እንደገና ከፈተችው። «ሀርሜን የገደልኳት እኔ ነኝ» የሚለው መስመር ላይ መዳፏን አሳረፈች፣ ሰው እንዳያየው የምትሸፍነው ይመስል። ከውጭ ደንበኛ ተጣራ። ደብዳቤውን ኪሷ ከትታ «መጣሁ» አለች።

የተዋወቁት ከሁለት ዓመት በፊት ቡራዩ ነው። እሷ ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ በተለማማጅነት ትሠራ ነበር። እሱ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ እህቱን ሊጠይቅ መጥቶ የጎረቤት ውሻ ሲያክም ተነከሰ። የእብድ ውሻ ክትባት በተለያየ ቀን የሚወሰድ ስለሆነ ደጋግሞ ተመላለሰ፤ መድኃኒቱን ከመስኮት የምታቀብለው የወይንሐረግ ነበረች። የመጨረሻውን መርፌ በተወጋ ቀን ተመልሶ መስኮቷ ሥር ቆመና «ከእንግዲህ ምን ብዬ ልምጣ?» አላት። እሷ ሳቀች። ስልክ ቁጥሯን የሰጠችው ሳይጠይቃት ነው።

የተቸገሩት አባቷ ዘንድ ነበር። አቶ ተድላ ከጎጃም መጥተው ሰበታ ላይ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ከከፈቱ ሠላሳ ዓመት ሊሆናቸው ነው። ልጃቸውን ያስተማሩት ሱሉልታ ወስደው ላም ከሚያክም የገበሬ ልጅ ጋር ሊድሩ አልነበረም። አንድ ዓመት ሙሉ «ስሙን እንዳትጠሪብኝ» አሏት። ያንን የለወጡት ሚልኬሳ ሀርሜ የሚላቸው እናቱ አዴ ወርቅቱ ናቸው። አንድ ቀን ማንንም ሳያማክሩ፣ ከአስማቸው ጋር፣ በሦስት ታክሲ ሰበታ መጡና ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሙ።

«ተድላ አንተ ነህ?»

አቶ ተድላን ሰበታ ውስጥ አንተ የሚላቸው ሰው ከጠፋ ሃያ ዓመት አልፎት ነበር። ቀና ብለው አዩአቸው።

«ልጄ ልጅህን ወደዳት። እሷም ወደደችው። እኔና አንተ ምን ቤት ነን?» አሉ አዴ ወርቅቱ፣ የተከመረ ቆርቆሮ ላይ እየተቀመጡ። «አሁን ውሃ ስጠኝ፣ ትንፋሽ አጥሮኛል።»

አቶ ተድላ መጀመሪያ ተቆጡ፣ ኋላ ደግሞ ሳቃቸው መጣ። ማታ አዴ ወርቅቱን ታክሲ ተራ ድረስ ሸኝተዋቸው ሲመለሱ ለሚስታቸው ለወይዘሮ ማሪቱ «ሽማግሌ ይምጣ» አሉ። ቀኑ ለመጋቢት ተቆረጠ። በመጋቢት ግን ኮሮና ገባ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ አዛውንት ነበሩ። «ትንሽ ይለፍ» ተባለ፤ ትንሹ አምስት ወር ሆነ።

በእነዚያ አምስት ወራት የወይንሐረግ ሚልኬሳን በዓይኗ አላየችውም። መድኃኒት ቤት የምትሠራ ሰው ከስንት ሕመምተኛ ጋር እንደምትገናኝ ታውቃለች፤ የእናቱን ደረትም ታውቃለች። እሱ «ሰበታ ድረስ ልምጣ፣ ከመንገድ ማዶ ቆሜ ልይሽ» ሲላት እንኳ «ለእማማ ብለህ ተው» ነበር መልሷ። ያን ያህል ትጠነቀቅ ነበር።

ከዚያ ያቺ የነሐሴ ሳምንት መጣች። ሰኞ ዕለት የጤና ቢሮ ሰዎች መጥተው ከመድኃኒት ቤቱ ሠራተኞች ሁሉ ናሙና ወሰዱ። ዘመቻ ነበር፣ ማንም የታመመ አልነበረም። ማክሰኞ ጠዋት አዴ ወርቅቱ ራሳቸው ደወሉ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ያ የምስበው ነገር አለቀብኝ። እዚህም ጠፋ። ሚልኬሳ የለም።» ድምፃቸው ውስጥ የሚያፏጭ ነገር ነበር። በሰው መላክ ትችል ነበር። ግን የሚታመን ሰው ማሰብ፣ ማስረዳት፣ ደረሰ አልደረሰ ብሎ መጨነቅ። በዚያ ላይ ናፍቃቸዋለች። ሁለት ማስክ ደርባ ሄደች።

ልታደርግ ያሰበችው ፓፉን አጥሩ ላይ አስቀምጦ መመለስ ነበር። አዴ ወርቅቱ ግን በር ከፍተው ወጡና ጭንቅላቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሯን ሳሙ። ወዲያው የነሐሴ ዝናብ ወረደ። ቤት ገቡ። የፍልሰታ ጾም ስለነበር ቆሎ ቀረበላት፤ ማስክ አድርጎ ደግሞ ቆሎ አይበላም። ዝናቡ እስኪያባራ አንድ ሰዓት ያህል ሳቁ፣ ስለ ሠርጉ አወሩ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከጤና ቢሮ ተደወለላት። ውጤቷ ፖዘቲቭ ነው። ምልክት ስለሌላት ቤቷ ውስጥ ለብቻዋ አሥራ አራት ቀን እንድትቆይ ተነገራት፤ ከማን ጋር እንደተገናኘች ስትጠየቅ የቤተሰቧን ስም ብቻ ሰጠች። ለሱሉልታዎቹ ራሴ እነግራለሁ ብላ ነበር። ጓሮ ያለው ሰርቪስ ክፍል ገብታ የሚልኬሳን ቁጥር አወጣች። አባቷ በመስኮት ቆመው፣ ፎጣ አፋቸው ላይ ይዘው ያዩዋት ነበር።

«ለማን ነው?»

«ለሚልኬሳ። ማክሰኞ እዚያ ነበርኩ፣ አባዬ።»

አቶ ተድላ ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። «እስቲ ቆዪ። አንቺ ምንም አላመመሽም። እነሱንም ላያማቸው ይችላል። ዛሬ ከተናገርሽ ግን ነገ በሽታ ይዛ የገባች ነው የምትባዪው። አገር ያወራል። ከዚያ ሽማግሌም አይመጣ፣ ምንም አይመጣ። እስከ ሰኞ እንይ።»

«እሺ» አለች የወይንሐረግ። ስልኩን ትራሷ ሥር አደረገችው።

ቅዳሜ ሚልኬሳ ራሱ ደወለ። «ሀርሜ አስሟ ተነሣባት፤ ሳል ጨመረች» አላት። «ሐኪም ቤት ውሰዳት» አለችው ቶሎ ብላ። «እኔም አስቤ ነበር። ግን ሐኪም ቤቱ ነው እኮ ኮሮና ያለው። ያንቺው ፓፍ አለ፣ ከቤት ባትወጣ ይሻላል» አለ። የወይንሐረግ ምላሷ ላይ የመጣውን ዋጠችው። ሰኞ አዴ ወርቅቱ መናገር አቃታቸው። እሮብ ጎህ ሲቀድ አረፉ።

በሰርቪሱ ክፍል ውስጥ ሆና ሦስት ደብዳቤ ጽፋ ሦስቱንም ቀደደች።

የሄመን ፖስታ በመጣበት ዕለት ራት ላይ ደብዳቤውን ለእናትና አባቷ አነበበችላቸው። ስትጨርስ ማንም ወደ ትሪው እጁን አልሰደደም።

ወይዘሮ ማሪቱ ናቸው ቀድመው የተናገሩት። «ልጄ፣ እሱም ላይ ተገኝቷል እኮ። አንቺ ትሁኚ እሱ ይሁን ፈጣሪ ብቻ ነው የሚያውቀው። የማይታወቅ ነገር ተናግሮ ቤት ማፍረስ ምንድነው? አግቢውና ዕድሜ ልክሽን ካሺው።»

«በየቀኑ ራሱን ገዳይ ሲል እየሰማሁ፣ እማዬ?»

«ይረሳዋል።»

«አይረሳውም።»

አቶ ተድላ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅረው ነበር። «ያን ቀን ተዪ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ለሱም እንደዚያ ብለሽ ንገሪው። አባቴ ከለከለኝ በዪው።»

የወይንሐረግ አባቷን አየቻቸው። በሠላሳ ቀን ውስጥ ያረጁ መሰሏት። «ስልኩ በእጄ ነበር፣ አባዬ» አለች። «ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

አቶ ተድላ ወንበራቸውን ገፉ። ተነሥተው ወጡ፤ ከግቢው፣ ከጨለማው የሚሰማው ሳል ሳይሆን ለቅሶ እንደሆነ እናትና ልጅ ሁለቱም አወቁ።

አርብ ከሰዓት ቡራዩ ሄደች። ከነሐሴ ወዲህ ከሰበታ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ታክሲዎቹ ወንበር ሙሉ መጫን ጀምረዋል፤ አየር ጤና ላይ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ግማሽ ግማሽ ቀርቷል» እያለ ሦስተኛ ሰው አጠገቧ አስገባ። ባዶ የሳኒታይዘር ጠርሙስ ከሾፌሩ መስተዋት ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ከፊቷ ሁለት ሴቶች ቁልቢ ለመሄድ ቀን ይመርጣሉ። አንድ ሰው በስልክ፣ ስድስት ወር ያላያቸውን ወላጆቹን ሊያይ ወለጋ እንደሚወርድ ጮክ ብሎ ይናገራል። ሰው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ሊሄድ ነበር። የወይንሐረግ መስኮቱን ከፍታ፣ የምትለውን በልቧ እየደጋገመች፣ አስኮን አልፋ ቡራዩ ደረሰች።

ሚልኬሳ ከአምቦ መንገድ ወረድ ብሎ፣ ውሃው የሚታይበት ሣር ላይ ቆሞ ነበር። ከስቷል። ከለቅሶው ወዲህ ያልተላጨው ጢሙ ፊቱን የሌላ ሰው አስመስሎታል። ሲያያት ወደፊት ተራመደ፣ ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ብሎት ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ለስድስት ወር ያላየችው ዓይን እዚያው ነበር። ያንን ዓይን እያየች ዝም ብትልስ? ለአንድ አፍታ የእናቷ ምክር ከምንም ነገር በላይ ጣፈጣት።

«ሐረጌ።»

«እንደምን አለህ፣ ሚልኬሳ?»

ሣሩ ላይ ተራርቀው ተቀመጡ። እሱ ማስኩን አወለቀ። «እዚህ ነፋስ አለ፤ ብታወልቂው ምንም አይደል» አላት። እሷ አላወለቀችም።

«አነበብሽው?»

«አነበብኩት።»

«እና ትችያለሽ? እንዲህ ካለ ሰው ጋር መኖር?»

«አንተ አይደለህም።»

ሚልኬሳ ፈገግ አለ፣ የደከመ ፈገግታ። «እንደዚያ እንደምትዪኝ አውቄ ነበር። ማጽናናት ነው።»

«ማጽናናት አይደለም። ስማኝና አታቋርጠኝ።» እጆቿን ጉልበቷ ላይ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «ሰኞ ዕለት መድኃኒት ቤት ናሙና ወስደውልን ነበር። ማክሰኞ እናትህ ዘንድ ሄድኩ። ሐሙስ ውጤቴ መጣ። ነበረብኝ።»

ወዲያው አልገባውም። ሲሚንቶ የጫነ ሲኖትራክ ከላይ በመንገዱ እየጮኸ አለፈ።

«ማክሰኞ?»

«ማክሰኞ።»

«ማስክ አድርገሽ ነበር አይደል?»

«ሁለት ደርቤ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ቤት ገባን። ቆሎ ሰጡኝ። አወለቅኩት።»

ሚልኬሳ ውሃውን እያየ ቀረ። ከዚያ የወይንሐረግ ያልጠበቀችው ነገር ሆነ። ትከሻው ቀስ ብሎ ወረደ። ከልቡ ተነፈሰ። በዚያ በጠቆረ ፊት ላይ እፎይታን አየች። እጁን ዘረጋና በመሃላቸው የነበረውን ሣር ተሻግሮ እጇን ያዛት። ከዚያች ማክሰኞ ወዲህ የነካት ሰው እሱ ብቻ ይመስላት ነበር፤ መዳፉ ሻካራና ሞቃት ነው።

«አላወቅሽም ነበር» አላት። «ማክሰኞ ዕለት ምን ታውቂያለሽ? መድኃኒት ይዘሽላት ነው የሄድሽው። በዚህ ማን ይፈርድብሻል? ይህን ይዘሽ ነው ለብቻሽ ስትቃጠዪ የከረምሽው? ሐረጌ፣ አንቺም፣ እኔም፣ ማናችንም…»

ቆመ። እጇን እንደያዘ ነው።

«ሐሙስ ነው ያልሽኝ?»

«ሐሙስ። ከሰዓት በኋላ።»

«ሐሙስ ከሰዓት እኔ ከሰንዳፋ እየመጣሁ ነበር። መንገድ ላይ ነበርኩ።»

«አዎ።»

«ቅዳሜ ስደውልልሽ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ሐኪም ቤት ውሰዳት አልሽኝ።»

«አዎ።»

«እኔ ሐኪም ቤት ኮሮና አለ አልኩሽ። ዝም አልሽ።»

«ዝም አልኩ።»

እጁን አልነጠቃትም። ጣቶቹ ብቻ አንድ በአንድ ላሉ፤ የወይንሐረግ እያንዳንዱ ሲለቃት ተሰማት። ከዚያ እጇ ለብቻው ሣሩ ላይ ቀረ።

«ለምን?» አላት።

አባቴ ከለከለኝ ልትል ትችል ነበር። «ፈራሁ» አለች። «በሽታ ያመጣች እንዳልባል ፈራሁ። አንተን እንዳላጣ ፈራሁ። ሰኞ እነግረዋለሁ አልኩ። ሰኞ ሲደርስ መናገር አቅቷቸው ነበር። ካረፉ በኋላ ደግሞ ምን ብዬ ልጀምር?»

«ከቅዳሜ እስከ እሮብ አራት ቀን ነበረኝ።» ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ለራሱ የሚናገር ይመስል ነበር። «ኦክስጅን ያለበት ቦታ እወስዳት ነበር። ምናልባት እዚያም ትሞት ነበር። ምናልባት። እኔ ግን አስም ነው ብዬ ጀርባዋን እያሸሁ ተቀመጥኩ። ወጥተሽ በሽታ እንዳይዝሽ እያልኩ።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። የወይንሐረግ ወደ እሱ መጠጋት ፈለገች፤ መብት ያላት አልመሰላትም። በመሃላቸው ያለውን ሁለት ክንድ ሣር እያየች ተቀመጠች። ማስኳ በእንባ ረጥቦ አፏ ላይ ተለጥፎ መተንፈስ ከለከላት፤ አላወለቀችውም።

ብዙ ቆይቶ ቀና አለ።

«በሽታውን አንቺም አመጣሽው እኔ፣ በዚያ ቂም የለኝም። ለማክሰኞ ይቅር የምለው ነገር እንኳ የለም። ሐሙስን ግን ይቅር ልልሽ ፈልጌ አልቻልኩም።»

«አሁን ነው እንጂ ሲቆይ…»

«ሲቆይም። ቤታችን ገብተሽ ሀርሜ በተቀመጠችበት ስትቀመጪ ሐሙስ ነው የሚታየኝ። አንቺም ፊቴን ባየሽ ቁጥር ያንን ነው የምትፈልጊው፤ ዛሬስ አስታወሰ ይሆን እያልሽ። እንዲህ ሆነን ልጅ እናሳድጋለን?»

«እወድሃለሁ፣ ሚልኬሳ።»

«አውቃለሁ። ባልወድሽ ኖሮ ቀላል ነበር።» ተነሥቶ ቆመ፤ ግን አልሄደም። «ለምን ነገርሽኝ? ዝም ብትዪ እኮ ሽማግሌዎቹ ይመጡ ነበር።»

«በራስህ ላይ የጻፍከውን አንብቤ መቻል አቃተኝ።»

ሚልኬሳ አንገቱን ደፋ። «እግዜር ይስጥሽ» አላት፣ ቀስ ብሎ። ስላቅ አልነበረም፤ ከልቡ ነበር። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ዳገቱን ወጥቶ መንገዱ ላይ እስኪሰወር ድረስ ያ ቃል ደረቷ ውስጥ ተቀምጦ አልንቀሳቀስም አላት።

በማግስቱ ሚልኬሳ ለአቶ ተድላ ደወለላቸው። የወይንሐረግ አጠገባቸው ነበረች፤ ድምፁ ይሰማት ነበር። «አባባ፣ ሽማግሌዎቹ አይመጡም። ከእኔ በኩል ስላልተመቸ ነው። ልጅዎ ምንም አላጠፋችም፤ ማንም ቢጠይቅዎ ሚልኬሳ ቀረ ይበሉ።»

አቶ ተድላ ስልኩን እንደያዙ ልጃቸውን አዩ። «ሁሉንም አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉት። «ያን ሐሙስ ስልኩን አስቀምጪ ያልኳት እኔ ነኝ። እናትህ ሱቄ ድረስ መጥተው ውሃ ስጠኝ ያሉኝ ሴት ነበሩ። እኔ ግን…» መጨረስ አልቻሉም።

«እሺ፣ አባባ» አለ ሚልኬሳ፤ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። አቶ ተድላ የልጃቸውን ራስ ደረታቸው ላይ አስጠጉት። ከልጅነቷ ወዲህ እንደዚያ አቅፈዋት አያውቁም። ሁለቱም እኩል ጥፋተኛ ሆነው ቆሙ።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡበት በነበረው እሁድ የወይንሐረግ ማለዳ ተነሥታ ሱሉልታ ሄደች። ማንንም ልታገኝ አልነበረም። አዴ ወርቅቱ ከተቀበሩ ወዲህ ቆማ ያላለቀሰችበትን መቃብር ለማየት ብቻ ነው። ቅዳሴ ወጥቶ ሰዉ ተበትኗል። በእንጦጦ በኩል የሚወርደው ነፋስ ይበርዳል። የመቃብሩ አፈር ገና ከፍ እንዳለ ነበር፤ አጠገቡ ሄመን ተቀምጣለች።

የወይንሐረግ ልትመለስ ዞረች።

«ነዪ» አለቻት ሄመን። ስትቀርብ አልተነሣችም፤ አልሳመቻትምም። «ነግሮኛል። ሁሉንም ነግሮኛል።»

«ሄመን፣ እኔ…»

«ሳምንቱን ሙሉ ልጠላሽ ሞከርኩ። አንዳንድ ሰዓት ይሆንልኛል፤ አንዳንድ ሰዓት አይሆንልኝም።»

የወይንሐረግ ተንበርክካ እጇን አፈሩ ላይ አሳረፈች፤ ያኔ ለቅሶው መጣ፣ ስድስት ሳምንት የዘገየው። ሄመን አልከለከለቻትም። ሲወጣላት ጠብቃ ነው የተናገረችው።

«ዛሬ ጠዋት ሄደ። ነገሌ ቦረና። የከብት ክትባት ሰው ሲፈልጉ ነበር፤ መንገድ ሲከፈት ሄደ። መቼ እንደሚመለስ አልነገረኝም።»

የወይንሐረግ ራሷን ነቀነቀች። የመጠየቅ መብት አልነበራትም።

«ትናንት ዕቃውን ሲሸክፍ» አለች ሄመን፣ አሁን ድምፅዋ ለስልሶ፣ «ሀርሜ አንድ ጊዜ አህያችንን ቡና አጠጥታ ሌሊቱን ሙሉ ሰፈሩን እንዴት እንዳስጮኸችው አስታወሰና ሳቀ። ከሞተች ወዲህ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሲስቅ አላየሁትም። ልነግርሽ አልፈለግኩም ነበር። ግን ሳቁ ያንቺ ነው፤ ሀርሜን ገደልኳት ማለቱን ያስተውሽው አንቺ ስለሆንሽ ነገርኩሽ።»

የወይንሐረግ እዚያው አፈሩ አጠገብ ቁጭ አለች። ሚልኬሳ ሲስቅ ዓይኑን እንዴት እንደሚጨፍን ታውቃለች፤ ጥርሱ የት ጋ ፍንጭት እንደሆነም ታውቃለች። ያንን ሳቅ መልሳለታለች። ሲስቅ አጠገቡ የምትሆን ግን እሷ አይደለችም፣ ነገም አይደለችም። ደስ አላት፤ ደስታው እንዲህ እንደሚያም ማንም ነግሯት አያውቅም ነበር።